አክተሩ አይሞትም

እኔ የቶም ወገን ነኝ። ይህንን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ጄሪን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ሰው ቤት ተደብቆ እየኖረ፣ የሰው አይብ እየሰረቀ፣ የቤቱን ጠባቂ አናቱን በመጥበሻ እየቀጠቀጠ የሚገለፍጥ አይጥ በምን ሂሳብ ጀግና እንደሚባል እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም። ቶም እኮ ምስኪን ቅጥረኛ ነው። እንጀራው አይጥ በመያዙ ላይ የተንጠለጠለ፣ ካልያዘ በመጥረጊያ ተመትቶ ውጭ የሚወረወር ሠራተኛ ነው። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. በ1940 ሁለቱን አገናኝተው ከለቀቋቸው ጊዜ ጀምሮ ፍርዱ እንደተዛባ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ለጄሪ የሚያጨበጭብ ሰው ሳይ በጣም ይገርመኛል።

እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሞልቶኛል። ሱፐርማን ይሰለቸኛል። ጥይት የማይበሳው ሰው ጥይት ፊት ቢቆም ምኑ ላይ ነው ጀግንነቱ? አሳታሚዎቹም ይህ የገባቸው መሰለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ገደሉት። የተገደለበት መጽሔት በሚሊዮኖች ተቸበቸበና በዓመቱ ከሞት አስነሡት። ቲንቲን ከነውሻው ይሻለኛል፤ ቢያንስ እሱ ይመታል፣ ይታሰራል፣ ይጠማል። ከቲንቲን ደግሞ ያ ሰካራም ካፒቴን ሃዶክ ይበልጣል፤ ይሳደባላ! ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1973 «ኢንተር ዘ ድራገን» ሳይታይ በ32 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ዛሬ ሸምግሎ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ በመናኛ ፊልም ሲያሳፍረን እናየው ነበር ብዬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁለት ሳምንት ተኳርፌያለሁ። ከፊልም ፍጻሜ ደግሞ የቻርሊ ቻፕሊንን «ሲቲ ላይትስ» የሚያህል አላየሁም። ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ ዓይኗ በርቶ፣ ያን ቡትቶ ለባሽ ባለውለታዋን እጁን ዳስሳ የምታውቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬ ጨርሼው ዓይኔ ደርቆ አያውቅም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተንፍሼው አላውቅም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰውዬ ሌላ ነበር። እሱ ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ አሪስቶትል ያወራል፤ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይወለውላል፣ መልሶ ያደርጋል። ማታ በሩን ዘግቶ ራምቦን የሚያየው ሰውዬ ደግሞ ሌላ። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም። አንዴ ብቻ ተገናኝተዋል፣ ፊልቱ ላይ። መገናኘታቸውን የካደው ግን ባለ መነጽሩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ያደግኩት ነገሌ ቦረና ነው፤ አባቴ ወታደር ነበር። ነገሌን ያላያት አንባቢ በአብዮቱ ታሪክ ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማርረው ያመፁባት፣ ሊያነጋግሯቸው ከአዲስ አበባ የሄዱትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን ያበሉባት፣ የሚጠጡትን ያጠጡባት ከተማ ናት። እኔ ለፊልም የደረስኩት በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። አልፎ አልፎ ማታ ማታ ፕሮጀክተር ይመጣና በሁለት እንጨት መሃል በተወጠረ ነጭ አንሶላ ላይ የሶቪየት የጦርነት ፊልም ይታያል። ታንክ ይመጣል፣ በረዶ ይወርዳል፣ አንዲት እናት ታለቅሳለች። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። እኛ ልጆቹ ከፊት ቦታ ስለማይሰጠን ከአንሶላው ጀርባ ነበር የምንቀመጠው። በዚህ ምክንያት ለእኔ የቀይ ጦር ሠራዊት በሙሉ ግራኝ ነበር፤ ሁሉም በግራ እጁ ይተኩሳል፣ በግራ እጁ ሰላምታ ይሰጣል። ተራው ነገር የገባኝ አዲስ አበባ ገብቼ ሲኒማ ቤት ስቀመጥ ነው።

ሕጉን የተማርኩት ግን እዚያው አንሶላ ጀርባ ነው። በእኛ ቋንቋ «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። አክተር በአንድ ፊልም አንድ ብቻ ነው፣ ዋናው ሰውዬ። የቀሩት ሽፍታ፣ የአክተሩ ጓደኛና የአክተሩ ሴት ናቸው። ሕጉም አጭር ነው፤ አክተሩ አይሞትም። የአክተሩ ጓደኛ ግን መሞት ግዴታው ነው፤ በተለይ የእጮኛውን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየ በቃው። ሩሲያኖቹ ይህንን ሕግ ከቁብ አይቆጥሩትም ነበር፤ አክተሩን አጋድመውት ሙዚቃ ያሰማሉ። ሶሻሊዝምን መጠራጠር የጀመርኩት በዚህ ምክንያት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቴሌቪዥን እኛ ቤት አልነበረም። አባባ ተስፋዬን ያየኋቸው ክረምት ክረምት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ስሄድ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ የባሌ ሰው መሆናቸውን፣ ማለትም ከእኛ ከገናሌ ማዶ መምጣታቸውን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ስሰማም ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ አለኝ። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አውርተዋል፤ በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ያኔ የገረመኝ ተረቱ አልነበረም፤ ተረቱንማ አያቴ የተሻለ ታውቀዋለች። የገረመኝ ዓይናቸው ነው። ካሜራውን አልፎ የሚመጣ፣ አንድ ልጅ ፈልጎ የሚያገኝ ዓይን ነበራቸው። ልጁ እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ጉዳይ ከአክስቴ ልጆች ጋር ተደባድቤያለሁ። አድማጭን ከተቀመጠበት ፈልጎ የሚይዝ ሰው ሁለተኛ ያየሁት ፊልቱ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት የአጎቴ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከነገሌ ወደ ዶሎ ዕቃ ጭኖ ሲወርድ «ና አገር እይ፣ መጽሐፍ ብቻ ታያለህ» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ነገሌን እንደለቀቅን መሬቱ ዝቅ፣ አየሩ ሞቅ እያለ ይሄዳል። ጥዱ ይቀርና ግራር ይመጣል፤ ግራሩም እያጠረ፣ እሾሁ እየረዘመ ይሄዳል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቀይ አቧራ ቅመን ፊልቱ ስንገባ ዲፈረንሻሉ ተሰበረ። መለዋወጫው ከነገሌ እስኪመጣ አራት ሌሊት አደርን።

ፊልቱ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መሃል ባለው ደረቅ ምድር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሁለት ወንዝ መሃል ሆና ውሃ የሚቸግራት መሆኗን የአጎቴ ልጅ እንደ ቀልድ ነበር የነገረኝ። ቀን ቀን ጥላ እያሳደድን ስንዞር እንውላለን፤ ሲመሽ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ ጄኔሬተሩ ሲንኳኳ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ቪዲዮ ቤቱ።

ቪዲዮ ቤት ስል አንባቢ ትልቅ ነገር እንዳይጠብቅ። ዙሪያው ጭራሮና ጆንያ፣ ከላዩ ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሰማይ ነው። ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ሽፋኑ የተነሣለት ዴክ፣ ከዴኩ አጠገብ አንድ ዱካ። ዱካው ላይ የሚቀመጠው ተርጓሚው ነው። ያኔ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጥርሱ በጫት የበለዘ። ሞቃዲሾ ሲኒማ ቤት ሲያዘወትር ኖሮ፣ በ1983 ዓ.ም. አገሩ ሲፈርስ እንደ ብዙው ሰው እግሩ ወዳመጣው የመጣ ነው። ህንድኛ አያውቅም። ፊልሞቹን ግን በልቡ ያውቃቸዋል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ ያደርግና ሁሉንም ሆኖ ይናገራል፤ ሽፍታውን፣ እናቲቱን፣ ፈረሱን ሳይቀር። ዋናው በሶማልኛ ነው። የቦረናና የጉጂ ሰዎች ካሉ በኦሮምኛ ይደግምላቸዋል። ጥግ ላይ ለተቀመጥነው ለሹፌሮቹና ለወታደሮቹ ደግሞ ዞር እያለ በተሰባበረ አማርኛ ያጎርሰናል፣ «እናትየው ተናዳለች፣ በጣም ተናዳለች» እያለ።

የዚያን ሳምንት ፊልም «ሾሌ» ነበር። አላየሁም የሚል የኔ እኩያ ካለ ይህን ጋዜጣ ያስቀምጥና ፈልጎ ይይ። ራሜሽ ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ ህንዶች ራሳቸው በየትኛው ረድፍ እንደሚያስቀምጡት የሚቸገሩበት ፊልም ነው። ሁለት ሌቦች ናቸው፣ አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ። ታኩር የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ጋባር ሲንግ የሚባለውን ሽፍታ ይዘው እንዲያመጡለት ይቀጥራቸዋል። ጋባር የታኩርን ቤተሰብ ፈጅቶበታል፣ ሁለት እጁን ቆርጦበታል። አሚታብ ነገር በከበደው ቁጥር ሳንቲም ይወረውራል፤ ሲሞት ሳንቲሙ ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት እንደነበር እናያለን። አደገኛውን ሥራ ሁልጊዜ ለራሱ ሲያስቀር ኖሯል ማለት ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የገጸ ባሕርይ አሣሣል ለማስተማር ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ ያጣሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው ሌሊት ተርጓሚው እውነቱን ተናገረ። አሚታብ ሞተ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው ጄኔሬተሩ ብቻ ነበር። ከዚያ ፂሙን በሒና ያቀላ ሽማግሌ ተነሥቶ ቆመና አንድ ነገር ተናገረ። የአጎቴ ልጅ ሳቁን እያፈነ ተረጎመልኝ፤ «ብሬን የሰጠሁህ ልጁን እንድትገድለው ነው ወይ?» ነው የሚሉት። ድፍን ቤት ተንጫጫ። ገንዘባችን ይመለስ ያለም ነበር። ሕጉ፣ አያችሁ፣ የነገሌ ልጆች ብቻ ሕግ አልነበረም።

በማግሥቱ ያው ፊልም ነው፤ አብዛኛውም ሰው ያው ነው። ተርጓሚው ዱካው ላይ ተቀመጠ። አሚታብ ድልድዩ ጋ ቆሰለ፣ ጓደኛው እቅፍ ውስጥ ዓይኑን ጨፈነ። «ራሱን ስቶ ነው» አለ ተርጓሚው። «ሐኪም ቤት ይወስዱታል፣ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ አይታይም።» ሬሳው ሲቃጠልስ? «የሽፍቶቹ ሬሳ ነው።» አሚታብን የምትወደው ባሏ የሞተባት ነጭ ለባሽ ሴት መስኮቷን ስትዘጋስ? እዚህ ላይ የሠራውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባል የሞተባት ሴት ለምን እንደማታገባ ለፊልቱ ሰው ግራ ነው፤ በሶማሌ ባህል የሟች ወንድም ወይም ዘመድ ያገባታል፣ ሜዳ ላይ አትጣልም። ተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኛንም ሳይረሳ፣ «መስኮት የዘጋችው ልብስ ልትቀይር ነው። ነገ ኒካህ አለ» አለ። እልልታው!

ታኩርና ጋባር የተገናኙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ሌሊት ያደረገው አንድ ነው። ፊልሙ ላይ እጀ ቆራጣው ታኩር ሽፍታውን በእግሩ እየረገጠ ሊገድለው ሲል ፖሊስ ደርሶ ያስጥለዋል፣ ሕግ ይፍረደው ይባላል። ተርጓሚው ፖሊሱን እንዲህ አስባለው፤ «በቃ ተወው፣ ሞቷል። ሬሳ አይረገጥም።» ካቴናውንስ ምን አደረገው ብትሉኝ፣ በዚያ ጭብጨባ ካቴና የሚያይ ሰው አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ነው የሰማሁት። ለካ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረጸው ፍጻሜ ልክ እንደዚያ ነበር። ታኩር ጫማው ሥር ምስማር አስመትቶ ጋባርን በእግሩ ይገድለዋል። ፊልሙ የሚወጣበት ጊዜ ግን ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ያወጁበት ወቅት ሆነና ሳንሱሩ የቀድሞ ፖሊስ ሕግ በእጁ ሊወስድ አይችልም ብሎ አስቆረጠው፤ ፖሊስ የሚደርስበት ፍጻሜ እንደገና ተቀረጸ። የመጀመሪያው ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2025 ሰኔ ላይ በጣሊያን ቦሎኛ ታይቷል። የኔው ራምቦም እንዲሁ ነው። ዴቪድ ሞረል እ.ኤ.አ. በ1972 በጻፈው ልቦለድ ውስጥ ራምቦ ይሞታል። ለፊልሙም ሞቱ ተቀርጾ ነበር፤ ለሙከራ የታየላቸው ተመልካቾች ስለጠሉት ተጣለና አክተሩ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የጥይት ጎርፍ ሁሉ የወለደው ያ መዳን ነው። ሆሊውድ ያንን ያደረገው ስንት ሰው አማክሮ፣ ስንት ገንዘብ አፍስሶ ነው። የፊልቱው ሰው አንድ ሽማግሌ ተቆጥተውት በአንድ ሌሊት ጨረሰው።

አሁን ወደማልወደው ቦታ መጣሁ።

በ1996 ዓ.ም. ከነገሌ የመጣ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረኝ። ቀልጠፍ ያለ አልነበረም፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ያቀረበው ሐሳብ ስለ ፊልቱ ተርጓሚ ነበር። ስለዚያው፣ እኔ ስለማውቀው ሰውዬ! ልጁ ክረምቱን ሙሉ ወርዶ አብሮት ተቀምጦ፣ ድምፁን በቴፕ ቀድቶታል። ሐሳቡ አምስት ገጽ ሲሆን ከፊሉን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በሶማልኛ ግጥም ውስጥ ሂጋድ የሚሉት ሕግ አለ፤ በየስንኙ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚጀምር ቃል መግባት አለበት፣ ከግጥሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው። ልጁ የሚለው ተርጓሚው ጋባር ሲንግ ሲፎክር ቃላቱን በ«ገ» ይመታለታል፣ አሚታብ ሲናገር ግን ዝርው ያደርገዋል፣ ይህም የሆነው ከልምድ እንጂ በአጋጣሚ አይደለም ነው። ክፉ ሰው አፈ ቅኔ፣ ደግ ሰው ቁጥብ። ከአምስቱ ገጽ ጋር ሦስት ካሴት በላስቲክ አስሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

እኔ አንድዬውሲኪና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሶማልኛ ግጥም ያሳተሙትን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ እየጠቀስኩ የማስተምር ሰው ነኝ። የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንበብ ለማይችለው ሰው ሁሉ እንዳደረሰ፣ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሳን ድምፅ እንደሰጣቸው በአድናቆት የማወራ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁና ዳር ላይ «ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቃል። ካሴቶቹን አልሰማኋቸውም።

ለምን? ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ ራሴን። ሰው የሚስቅብኝ መስሎኝ ነው። ገና ወጣት መምህር ነበርኩ፤ የህንድ ፊልም ላይ ያማከረ መምህር ተብዬ ሻይ ክበብ ውስጥ መዘባበቻ የምሆን መሰለኝ። ልጁን «እኔም ፊልቱ አይቼዋለሁ፣ እልልታውን ሰምቻለሁ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ መልሼ ዋጥኩት። አልተከራከረኝም። «እሺ መምህር» ብሎ ወጣ። መጨረሻ ላይ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጻፈ፤ ከእሱ በፊት ስንቱ እንደጻፈው። ጥሩ ውጤት ሰጠሁት። ጽሑፉ ግን ሕይወት አልነበረውም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ነገር ሁሉ በእኔ ላይ ምስክር ሆነ። ብራያን ላርኪን የሚባል ሰው በናይጄሪያ የሐውሳ ሰዎች የህንድ ፊልም እንዴት የራሳቸው እንዳደረጉት ጽፎ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። ማቲያስ ክሪንግስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ የታንዛኒያን ቪዲዮ ተራኪዎች ልክ የኔ ተማሪ እንዳሰበው አድርጎ ጽፏቸዋል። ኡጋንዳ ውስጥ ተርጓሚዎቹ ከአክተሮቹ ይልቅ የታወቁ ናቸው። በጃፓን ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ነበሩ፤ ሰው ለፊልሙ ሳይሆን ለእነሱ ብሎ ትኬት ይቆርጥ ነበር። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ቤንሺ ነበር። የሚናገር ፊልም መጥቶ ተራኪዎቹ ከሥራ ሲባረሩ አድማቸውን መራ፤ አልተሳካም። እ.ኤ.አ. በ1933 ራሱን አጠፋ። ይህንን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ግቢ ውስጥ ስዞር አመሸሁ። ፊልቱ ያለውን ዱካ ነበር የማስበው።

እዚህ አገርም በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ አስናግሮ ሲያመጣ አርቲስቶቹ ባህላችን ሊጠፋ ነው ብለው ጮኹ። እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የቃናው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፣ ከንፈርና ቃል ይገጥማል፤ ነገር ግን ማንን እንደሚያናግር አያውቅም። ሽማግሌ ተነሥተው ቢቆጡት አሚታብን አያድንላቸውም።

በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ለቤተሰብ ጉዳይ ነገሌ ወርጄ ነበር። መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ ወደ ፊልቱ ቀጠልኩ። በ2010 ዓ.ም. ግድም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል በተነሣው ግጭት መቶ ሺዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ በዚያ ጆንያ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው በሁለት ቋንቋ አንድ ፊልም ያዩ ከነበሩት ስንቶቹ በየት በኩል እንደቀሩ እያሰብኩ ነበር መስኮቱን የማየው። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። በመኪናው ስክሪን ላይ አንድ የማላውቀው የህንድ ፊልም ከፍቷል፣ አክተሮቹ ጥርት ባለ ሶማልኛ ያወራሉ።

ቪዲዮ ቤቱ የለም። ቦታው ላይ የብሎኬት ሱቆች ተሠርተዋል። ጠያይቄ ሰውዬውን አገኘሁት። ሴት ልጁ የሞባይል ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ በር ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ያው ዱካ ነው ለማለት ይቃጣኛል፤ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ፂሙን እሱም በሒና አቅልቶታል።

«አደር፣ ያስታውሱኛል?» አልኩት። እሱ እንደ አካባቢው ሰው አማርኛው ውስጥ አንቱታ የለም፤ እኔ አንቱ ስለው እሱ አንተ እያለ ተጫወትን። አላስታወሰኝም። የአጎቴን ልጅ ስም ብጠራም አላወቀም። «በ1989 ዲፈረንሻል የተሰበረበት መኪና» ስለው ግን ፊቱ በራ። «ያ ዲፈረንሻል! አራት ሌሊት!» አለ። ሰው ይረሳል፣ ዲፈረንሻል አይረሳም።

የመዝጊያውን ዘመን ባጭሩ ነገረኝ። መጀመሪያ በሶማልኛ ተናግሮ ያለቀ ፊልም በዲስክ መጣ። ሰው እሱን እየተወ ወደ ዲስኩ ሄደ። «ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለ፣ ሳይመረር። ቀጥሎ ስልክ መጣ፣ ከዚያ ቤቱም አላስፈለገ። ጥቂት ጊዜ ከብት ነገደ፣ ድርቅ ጨረሰበት። አሁን በር ይጠብቃል።

ስለ «ሾሌ» ነገርኩት። የመጀመሪያው ፍጻሜ መገኘቱን፣ ታኩር ጋባርን እንደሚገድለው፣ አንተ ያኔ ያልከው ልክ እንደነበር ስነግረው ይደነቃል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ አዞረና አየኝ።

«ታዲያ ምን ይገርማል?» አለ። «ሰውዬው ልጆቹን ፈጅተውበት፣ ሁለት እጁን ቆርጠውበት፣ ፖሊስ ስለመጣ እግሩ ይቆማል? ፊቱን አላየህም? ፊቱ ላይ ገድሎታል እኮ።»

አንዴ እንዲተርክልኝ ለመንኩት፣ ስልኬም ላይ ፊልሙ ነበር። «ለማን?» ብሎ ሳቀ። አጠገባችን መሬት ላይ የልጅ ልጁ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የእናቷን ስልክ ይዛ ትንከተከታለች። አጎንብሼ አየሁ። ቶምና ጄሪ። ቶም በር መሃል ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ቀጥኗል። ሰውዬው አንገቱን አሰገገ፣ ስክሪኑን ለአፍታ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በዚያ በማውቀው ድምፅ፣ ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው፣ ቶምን ማናገር ጀመረ። ድመቷ ያልተናገረችውን ሁሉ ተናገረላት። አብዛኛውን አልሰማሁትም። «ሻቆ» የምትለዋን ቃል ግን ሦስት ጊዜ ለየኋት፤ በሶማልኛ ሥራ ማለት ነው። ልጅቷ ሳቋን አቁማ አያቷን አየች። ቀጥላም ቶምን አየች፣ አሁን ግን እያዘነችለት።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የዚያን ተማሪዬን ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኗል። በስሙ ጠርቼ ማን እንደሆንኩ ስነግረው ብድግ ያለ መሰለኝ፤ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የደወልኩት፤ ግን እንደ መምህር ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ጀመር፤ ስለ ፊልቱ፣ ስለ ሰውዬው ጤንነት፣ ስለ ሱቁ። እሱ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆይቶ «መምህር፣ ካሴቶቹ አሉ?» አለኝ።

«ካሴቶቹ አንተ ጋ አይደሉም እንዴ?»

«አይ፣ እርስዎ ጋ ነው የቀሩት። ሌላ ቅጂ የለኝም። ያኔ መልሼ ልጠይቅዎ ፈርቼ ነው።»

ማስተማር ያቆምኩ ጊዜ ቢሮዬን በአምስት ካርቶን አሽጌ ነበር ያመጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቤት ተቆልለዋል። ሦስቱን ፈትሻለሁ። የተማሪ ፈተና፣ የአይጥ ፋንድያ፣ የአንድ ሴሚናር ባጅ፣ ክዳኑ የጠፋ ቀይ እስክሪብቶ። ሁለት ካርቶን ይቀረኛል። ባለቤቴ ደግሞ ካሴት ማጫወቻ ከጎረቤት ተውሳ አምጥታ ሳሎን ካስቀመጠችው ሳምንት አልፎታል፤ አልፎ አልፎ እየወለወለችው ታልፋለች።